ሳልከፍት የቀረሁት በር

«ይቺን ቃል አላውቃትም» አለኝ ተርጓሚው፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ እያየኝ።

አለቀልኝ፣ ቤቴም ሄደ አልኩ።

ባለቤቴ መርከብ ላይ ሲሠራ ስኮትላንድ ነው ያረፈው። ከዚያ በመጣው የሞት ምስክር ወረቀት ላይ ከስሜ አጠገብ «ሬሊክት» የሚል ቃል አለ። ወንድሞቹ በቤቱ ከሰውኝ ስለነበር፣ ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ወዳለው ወደ አቶ ሀብተሥላሴ የትርጉም ቢሮ ወሰድኩት።

«ሌላ ሚስት ነበረችው ማለት ይሆን?»

«ወይዘሮ ተናኘወርቅ፣ ገና ሳይረዱ አያልቅሱ እንጂ!» ሳቀ። «ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ማኅተሜን አላሳርፍም። ሰኞ ብቅ ይበሉ።»

ሰኞ ሄድኩ። «ሥሩ ላቲን ነው» አለኝ። በሌላ ቀን ደግሞ ሳሌን ሰምቶ ሻይ በዝንጅብል አዘዘልኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሳሌን የሰማ ሰው አልነበረም...

ልጄ የአብስራ ሳቀችብኝ። «እማዬ፣ ሰውዬው የሚፈልገው ቃሉን ሳይሆን አንቺን ነው!»

«ዝም በይ! መጥፎ ነገር አግኝቶ ነው የሚያመላልሰኝ።»

በመጨረሻ ነገረኝ። «የተተወች፣ የቀረች ማለት ነው። ባሏ የሞተባትን ሴት ድሮ እንዲህ ይሏት ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እርስዎ ግን... እንዲህ አይቀሩም።»

ፊቴ ጋለ። ወረቀቱን እንኳ ሳልወስድ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በር ተንኳኳ። «ቤቶች!» በቀዳዳ አየሁ። ኮት የለበሱ ሦስት ሰዎች ቆመዋል፤ አንደኛው ፍርድ ቤት በር ላይ የማየው ጠበቃ ነው።

«ከቤት ሊያስወጡን መጡ!» የልጄን አፍ በእጄ ያዝኩ። ደጋግመው አንኳኩ፤ ፀሐይ ላይ ቆሙ፤ ሄዱ።

ወረቀቱን ልወስድ ስሄድ ሀብተሥላሴ ቀና ብሎ አላየኝም። ሻይም አላዘዘም። «አልቋል» ብቻ አለ።

ቤቱ ለእኔ በተፈረደ ዕለት ያ ጠበቃ የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ አገኘኝ። «እሜቴ፣ ሽማግሌን በር ላይ አቁሞ መመለስ ደግ ነው?»

«የምን ሽማግሌ?»

«ሀብተሥላሴ ነዋ የላከን!»

ወደ ቢሮው ሮጥኩ። «ቤቴን ሊወስዱ የመጡ መስሎኝ ነው! በእናትዎ ይመኑኝ!»

መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ወንድሜ በንዴት ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ሌላ ቤት ሽማግሌ ላከልኝ። እሺ ብለዋል... ያቺንስ ሴት በር ላይ ላቁማት?»

«አያቁሟት» አልኩ።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት በር ሲንኳኳ «ማነው?» ሳልል እከፍታለሁ። ውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ነው።