ከወንዙ ማዶ የቀረው ባለሞተር

ጠጋ ጠጋ በሉ። እሳቱን ተዉት፣ አትቆስቁሱት። የምነግራችሁ የሌሊት ነገር አይደለም፤ የቀትር ነው። ሌሊትንማ ሁሉም ይፈራል። ቀትርን ማን ይፈራል?

ድሮ ነው፣ ሞተር ብስክሌት ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን። በአንድ አገር አንዳርጌ የሚባል የከብት ሐኪም ነበረ፤ ከእናቱና ከታናሽ ወንድሙ ጋር ይኖራል። ለሥራው ሞተር ተሰጥቶታል። እሑድ ሲሆን ሥራ የለ፣ ጥድፊያ የለ፤ በገጠሩ መንገድ ቀስ እያለ መንዳት ይወዳል።

አንድ እሑድ እንዲሁ ወጣ። ጠዋቱ ደስ ይል ነበር። ሄደ፣ ሄደ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ መንገዱ ጭር አለ። ከብት የለ፣ እረኛ የለ፣ መንገደኛ የለ። አንዲት ዋርካ ሥር ቆመ፣ ውሃ ጠጣ፣ ሞተሩን አስነስቶ ቀጠለ።

ሞተሩ ከበደ።

ወርዶ ጎማውን ዳበሰ። ደህና ነው። ወጥቶ ነዳ። አሁንም ከባድ ነው፤ ሰው እንደጫነ ሁሉ ዳገቱ ላይ ያቃስታል።

ከማሽላው ማሳ ዳር አንድ ሽማግሌ ማማ ላይ ተቀምጠው ወፍ ይጠብቃሉ።

«እንደምን ዋላችሁ?» አሉት።

ቆመ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባቴ። ብቻዬን ነኝ እኮ።»

ሽማግሌው ከኋላው ተመለከቱ። ከማማው ላይ ጎንበስ አሉ።

«ዞረህ አትይ» አሉት። «ሙሽራ ናት። በሠርጓ ቀን፣ በዚሁ ሰዓት፣ ባሏ ቤት ሳትደርስ ከፊትህ ያለው ወንዝ ወሰዳት። ብቻውን የሚሄድ ሰው ስታገኝ ትፈናጠጣለች።»

«ልመለስ?»

«ከተመለስክማ አትወርድም። ወንዙ ጋ ትወርዳለች። እስከዚያ ምን ብትጠይቅህ እንዳትመልስላት፤ የመለሰላትን ሰው ይዛ ትቀራለች።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ነዳ።

ጥቂት እንደሄደ ሁለት እጆች ወገቡን ያዙት። እርጥብ ናቸው። ቀዝቃዛ ናቸው።

«ደረስን?» አለችው።

ዝም አለ።

«ደረስን?»

ዝም አለ።

ወንዙ ውስጥ ገባ። ውሃው ጉልበቱ ደረሰ። መሐል ላይ ሞተሩ ተንተፋተፈ፣ ሊጠፋ ሆነ። አንዳርጌን ላብ አጠመቀው። ያኔ አገጯን ትከሻው ላይ አሳርፋ በጆሮው፣ «ስትመለስ ትወስደኛለህ?» አለችው።

ከአፉ አመለጠው። «እሺ» አለ።

እጆቹ ለቀቁት። ሞተሩ ቀለል ብሎ ወጣ። ማዶ ደርሶ ዞሮ ሲያይ፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት ከመጣበት ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ፀጉሯን እየጨመቀች ትጠብቀዋለች።

ሌላ መሻገሪያ አልነበረም። አንዳርጌ ዛሬ ነገ ሲል እዚያው ማዶ ከባዳ ሰዎች ዘንድ ከረመ። ዓመት ሆነው። ሁለት ሆነው።

አንድ ቀን ወንድሙ መጥቶ ከወንዙ ወዲህ ዳር ተጣራ።

«ወንድም ጋሼ፣ እናታችን ታማለች። ስምህን እየጠራች ነው።»

አንዳርጌ እየሮጠ ወረደ። እግሩን ውሃው ውስጥ ከተተ። ሴትየዋ ከድንጋዩ ላይ ተነሳች፤ ቀሚሷን አስተካከለች።

«አጠገብህ ያለችው አትታይህም?» አለው ወንድሙን።

«ማን ናት?» አለ ወንድሙ፣ ግራ ቀኙን እያየ።

አንዳርጌ እግሩን ከውሃው አወጣ።

እናቱ በሦስተኛው ቀን አረፈች። የለቅሶው ወሬ ወንዙን ተሻግሮ ደረሰው። እሱ አልተሻገረም።

እንግዲህ ነገ መንገድ ያለው ሰው ካለ ጓደኛ ይፈልግ። ቀትር ላይ ብቻውን አይሂድ።