በእባቡ ቤት በር ላይ ቀይ ጨርቅ

የአውቶቡሱ ሾፌር ሮሙሎ ጋስቴሉም ከእባቦቹ ቤት ጀርባ ባለችው መጋዘን ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ካመጣቸው መንገደኞች አንዷ አምፓሮ ታኖሪ ነበረች። ሠላሳ ዓመት በመርማሪነት አገልግላ ጡረታ ከወጣች ገና ወሯ ነው፤ ወደዚህ የሶኖራ በረሃ አራዊት ሙዚየምም የመጣችው እንደማንኛውም ጎብኚ ኤሊና ወፍ ልታይ ነበር።

የሙዚየሙ ኃላፊ ቦርኬስ ላቡን እየጠረገ ጠራት።

«ዶኛ አምፓሮ፣ መርማሪ እንደነበሩ ሰምቻለሁ፤ ፖሊስ እስኪደርስ እርስዎ ይዩልኝ። ነገሩማ ግልጽ ነው። የእባብ ጠባቂው ኤሌውቴርዮ ነው! ሮሙሎ ጠዋት የእባቡን መስታወት ቢያንኳኳበት ‹አንድ ቀን ይነድፍሃል› ብሎ ዝቶበታል።»

አምፓሮ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። አንገቱ ላይ ሁለት የጥርስ ቀዳዳ አለ። ጥፍሮቹ ተሰባብረዋል፤ በሩም ከውስጥ በኩል ተቧጭሯል።

«እዚህ ምን ሊሠራ ገባ?»

«ቀዝቃዛ ስለሆነች በመጣ ቁጥር ይተኛባታል። ሁላችንም እናውቃለን።»

«ማን አገኘው?»

«እኔ ነኝ» አለ ኤሌውቴርዮ፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። «ባለቃጭሉ እባብ ከሣጥኑ ጠፍቶብኝ ስፈልግ ነው። በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ ነበር።»

«ውሸታም!» ጮኸ ቦርኬስ። «ቀዩ ጨርቅህ በሩ ላይ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ! እባብ ሲወጣ ማንም እንዳይገባ የምትሰቅለው አንተ አይደለህ? የትምህርት ቤት ልጆቹን እንኳ ጨርቁን አይቼ ነው የመለስኳቸው።»

ኤሌውቴርዮ ኪሱን በረበረና የቆሸሸ ቀይ ጨርቅ አወጣ። «የኔ ይኸው! ከኪሴ አልወጣም።»

አምፓሮ በሩ ላይ ያለውን ጨርቅ ከምስማሩ አውርዳ አሸተተችው። ታጥቦ የተተኮሰ ነው።

«የፀጉር ቅባት ይሸታል» አለች።

ቦርኬስ መላጣውን ዳበሰ። «እኔን አይዩኝ። የመጨረሻውን ቅባት ከገዛሁ ሃያ ዓመቴ ነው።»

አምፓሮ ወደ ትኬት መሸጫው ሄደች። ትኬት ሻጯ ኦፌልያ ንፋስ የበተነውን ፀጉሯን ከዓይኗ ላይ ትመልሳለች። ፊቷ በፀሐይ የጠቆረ ነው፤ ከቅንድቧ በላይ ያለው ግንባሯ ግን ገርጥቷል።

«ጠዋት ሾፌሩ ይህን መስኮት ተደግፎ ሲያወራ ከኋላ ተሰልፌ ነበር» አለቻት አምፓሮ። «ሰምተሽዋል?»

«ሾፌር ምን ቁም ነገር ያወራል? ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«ለእኔ የልጅ ትኬት ሰጠሽኝ። ይህን ሽበት እያየሽ።»

ኦፌልያ የትኬቱን ጥራዝ ማስተካከል ጀመረች።

አምፓሮ ሦስቱንም በዛፉ ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ሮሙሎ ሲገባ ጨርቁ ቢኖር ኖሮ አይገባም ነበር» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ የተሰቀለው ከገባ በኋላ ነው። የሰቀለው ሰው እባብ ውስጥ እንዳለ ያውቃል፤ ግን ሰው አልጠራም። በሩን ቀረቀረበት።»

«ታዲያ ለምን ሰቀለው?» አለ ቦርኬስ። «ዝም ብሎ አይሄድም?»

«ልጆች መጥተው ነበራ። ገዳዩ አንድ ሰው ብቻ ነው መግደል የፈለገው። የሌላ ሰው ልጅ በሩን ከፍቶ እንዳይነደፍ ሰጋ። ኤሌውቴርዮ ቢሆን የራሱን ጨርቅ ይሰቅል ነበር። ገዳዩ ግን ጨርቅ አልነበረውም፤ ከራሱ ላይ ሻሹን ፈታ።» ወደ ኦፌልያ ዞረች። «ግንባርሽ ፀሐይ የማያውቀው ሻሽ ስለማይለይሽ ነው። ዛሬ ግን ራስሽን ለንፋስ ሰጥተሽ ዋልሽ። ሮሙሎ ጠዋት እየሳቀ ያወራው፣ ስደተኞችን በበረሃው በኩል ድንበር ያሻግር ስለነበረበት ዘመን ነው። ቢጫ ጫማ ያደረገ ልጅ ደክሞት ሲቀርበት ‹ጠብቀኝ፣ ውሃ ላምጣልህ› ብሎ ጥሎት እንደሄደ ተናገረ። ያኔ ነው እጅሽ ትኬቱን የሳተው።»

«ጫማውን የገዛሁለት እኔ ነኝ» አለች ኦፌልያ። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። «አሥራ አንድ ዓመት ፈለግሁት። የበረሃውን ቀበሮ ሁሉ ጠላሁት፣ ጥንብ አንሳውን ረገምኩት። ለካ ጠላቴ በየሳምንቱ ትኬት የምቆርጥለት ሰው ነው! ሲተኛ እባቡን በዘንግ አውጥቼ አንገቱ ሥር ለቀቅሁለት። ኋላ በሩን ሲደበድብ ሄጄ ልጄን የት እንደጣለው ጠየቅሁት። የምከፍትለት መስሎት ሁሉንም ነገረኝ።»

«አንቺስ?»

«ልጆቹ ትኬት እየጠበቁ ነበር። ሄድኩ።»

የፖሊስ መኪና አቧራ ከሩቅ ታየ። ኦፌልያ ከጉያዋ ጀርባው የተጻፈበት ትኬት አውጥታ በአምፓሮ መዳፍ ላይ አኖረች።

«እኔን ይውሰዱኝ፤ አልጸጸትም። ልጄ ያለበት ቦታ እዚህ ተጽፏል፤ አጥንቱን ግን ከማስረጃ ጋር መዝገብ ቤት እንዳያስቀምጡብኝ። እርስዎም እናት ነዎት፤ ከእናቴ መቃብር አጠገብ ያሳርፉልኝ።»

መኮንኑ ደርሶ ሁሉን ሰማ። ሻሹን ከአምፓሮ ተቀበለ። «ሌላ የያዙት ማስረጃ አለ?»

በሠላሳ ዓመት አንዲት ቁራጭ ወረቀት ደብቃ የማታውቀው አምፓሮ ጣቶቿን አጠፈች።

«የለም።»

መኪናው ኦፌልያን ይዞ ከዓይን እስኪጠፋ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ኤሌውቴርዮ ዞረች።

«መኪና አለህ?»

«አለኝ፣ ዶኛ።»

«አካፋስ?»