ደም የሌለበት ጎማ

አርብ ማለዳ ሰማያዊዋ ቮልስ ከሲሪንቃ ቁልቁለት ሥር፣ ማሽላ ማሳ ውስጥ፣ በጀርባዋ ተገልብጣ ተገኘች። አራት ጎማዎቿን ወደ ሰማይ አንጋጣለች።

ባለቤቷ ጀብሪል በሕይወት አለ፤ አለ ከተባለ። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ ራሱንም አያውቅም። ገበሬዎች በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት ላይ አወጡት። ወልድያ ሆስፒታል እስኪደርስ ከአፉ የወጣችው አንዲት ቃል ናት።

«ፍሬን።»

ኧረ ምን ፍሬን! ፍሬኗ እኮ አዲስ ነው። የፊት እግሮቿ የድሮውን ታምቡር ጥለው ዲስክ የገጠሙት በዚያው ሳምንት ነው። ታምቡር ቁልቁለት ሲበዛበት ግሎ እጅ ይሰጣል፤ ዲስክ ግን ነፋስ ስለሚያገኘው ቶሎ አይከዳም። ይህን ወልድያ ውስጥ ያልሰማ የለም፤ ጀብሪል ያለፈ ያገደመውን እየያዘ ሲያወራ ነው የከረመው።

ስለዚህ ከተማው በሙሉ ዳኛ ሆነ። ፍሬኑን የቀየረው መካኒኩ ዘረሰናይ ነው፤ በቃ፣ ጥፋተኛው እሱ ነው። አንዳንዱማ ስሙን ሰምቶ ብቻ ፈረደበት። አባቱ ከመቀሌ መጡ እንጂ እሱ ወልድያ ተወልዶ ወልድያ ያደገ ልጅ መሆኑን ማን ይጠይቅለት? ከጁምዓ ሰላት በፊት ፖሊስ ጣቢያ ገባ። እናቱ እማማ ማና ምሳውን በሰሃን ይዘው በሩ ላይ ተቀመጡ።

ምርመራው ለኢንስፔክተር ሶስና ደረሰ። የወሎ ልጅ ናት፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የምትል፣ ቶሎ የማትፈርድ ሴት።

«ፍሬኑን አንተ ነህ የገጠምከው?»

«እኔ ነኝ።»

«እና ለምን ከዳ?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው። ሐሙስ ጠዋት እነጀብሪል ግቢ ውስጥ አየር አውጥተን ጨረስን። ቁልቁለት ላይ ነድቼ ሞከርኩት፤ ቀጥ ብሎ ይይዛል።»

«አየር ማውጣት ምንድን ነው?»

«የዘይቱ መስመር ውስጥ አየር ከቀረ ፔዳሉ ይሰምጣል። አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ይረግጣል። እኔ ጎማውን አውጥቼ ዲስኩ ጋ ያለችውን ትንሽ ቡሎን አላላለሁ፣ አየሩ ሲወጣ መልሼ አጠብቃለሁ።»

«ማን ረገጠልህ?»

«ሚስቱ፣ መሪማ። ከዚያ ዱዓ ተደረገ፣ በግ ታረደ። ቡናዬን ጠጥቼ በቀጥታ ቆቦ ሄድኩ፤ እህቴ ቤት ነው ያደርኩት።»

አጠገቧ የቆመው ሳጅን ደጀን ሳቀ። «ኢንስፔክተር፣ ያቺው ትንሽ ቡሎን ናት እኮ ላልታ የተገኘችው፣ የፊት ግራው እግር ላይ። የድሮ ዘመን ቮልስ የዘይት መስመሯ አንድ ብቻ ነው፤ አንድ እግር ጋ ካፈሰሰ አራቱም ባዶ ይቀራሉ። ይሄን ከሱ በቀር ማን ያውቃል?»

ሶስና ግን መኪናዋን ላያት አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ማሽላው መሃል ቆማ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አየች። አዲስ ወይም ታድሶ የወጣ መኪና በግ ይታረድለታል፣ ደሙም በየጎማው ይቀባል። ሼኾቹ አይወዱትም፣ ደም ነጃሳ ነው፣ የነካው ልብስ አያሰግድም ይላሉ፤ ሾፌር ግን አይሰማም። የቮልሷም ሦስት ጎማዎች ደም ከነቡሎናቸው ደርቆባቸዋል። የፊት ግራው ላይ ግን ጠብታ የለም። የቡሎኖቹ ጉድጓድ ውስጥ የደረቀ ነጭ አረፋ አለ። በጣቷ አንሥታ አሸተተችው፤ ሳሙና ነው።

«ደጀን፣ ይሄ ጎማ የተፈታው ከዱዓው በኋላ ነው። ዘረሰናይ ያን ጊዜ ቆቦ ነበር፤ እህቱ መስክራለች።»

«ከሆነ ኡበይደላ ነዋ!»

ኡበይደላ ነጭ ፔጆ አለው። እሱም እንደ ጀብሪል ለሠርግ ያከራያል፤ ሁለቱ ሰላምታ ከተለዋወጡ ቆይተዋል።

«በጀብሪል ይቀናሉ ይባላል» አለችው ሶስና።

«እቀናለሁ። ምን ልዋሽ? ሙሽሮቹን ሁሉ ወሰደብኝ። የነገዋን የሉብናን ሠርግ እንኳ ‹እኔ ካልወሰድኳት› ብሎ ሄዶ ለምኖ ነው ያገኘው።»

«ሉብና ማን ናት?»

«አላወቁም እንዴ? ጀብሪል ሊያገባት የነበረችው ናታ። ቤተሰቧ እንቢ አሉት።» ኡበይደላ ትንሽ አሰበ። «ሐሙስ ግራና ከተማ ኒካህ ነበር። ሙሽሪትን ይዤ ሄጄ እዚያው አደርኩ፤ አገሩን ሁሉ ይጠይቁ።»

ደጀን ግራና ደውሎ ጠየቀ። እውነቱን ነው።

እሑድ ከሰዓት ሶስና ደጀንን አስከትላ ሆስፒታል ሄደች። ጀብሪል ነፍሱን አውቋል፤ እግሩ በጀሶ ታስሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል። መሪማ ከአርብ ጀምሮ፣ ልብስ ለማምጣት ወደ ቤት ካልሆነ በቀር፣ ከአልጋው አጠገብ አልተነሣችም። እህል አልቀመሰችም አሉ ነርሶቹ፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«አላህ ያሽረው» አለች ሶስና።

«አሚን።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ መጣሁ። ሰው ሊገድል የመጣ ሰው ጎማ በሳሙና ያጥባል?»

መሪማ የጀብሪልን ትራስ አስተካከለች።

«መካኒክ ቢሆን ደም አይጠየፍም። ምቀኛም ቢሆን ቸኩሎ ፈትቶ ነው የሚሮጠው። ይሄኛው ግን ቡሎኑን ከመንካቱ በፊት ደሙን አጥቧል። ለሰላት ታጥቦ ውዱእ አድርጓል፣ መግሪብ፣ የምሽቱ ሰላት፣ ሳይደርስበት አይቀርም፣ ልብሱ እንዳይነጀስ ፈርቷል። ወሎ ተወልጄ ይሄ ይጠፋኛል እንዴ?»

«ብዙ ሰው ይሰግዳል።»

«ይሰግዳል። ግን ያቺን ትንሽ ቡሎን ከዘረሰናይ ጋር ሆኖ ሲያይ የዋለው ስንቱ ነው?» ሶስና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የጎማው ቡሎኖች ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ተጠብቀዋል። ፍሬን የሚያላላ ሰው ለጎማው ምን አስጨነቀው?»

መሪማ የነጠላዋን ጫፍ ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች። ድምጿ ሲወጣ ለመስማት ጆሮ ማስጠጋት ያስፈልግ ነበር።

«ጎማው እንዳይወልቅበት ብዬ ነው።»

ደጀን ከበሩ ላይ ዞሮ አያት። ሶስና አልተንቀሳቀሰችም።

«ንገሪኝ።»

«እኔን ሲያገባኝ ‹ቮልሷ ፍሬኗ አያስተማምንም› ብሎ በባጃጅ ነው ያመጣኝ። በባጃጅ! እኔም እሺ አልኩ። ከዚያ በኋላ ያንኑ ፍሬን ይዞ ኖረ፤ እናቴ ጋ መርሳ ውሰደኝ ስለው ‹ቁልቁለቱ ያስፈራል› ይለኛል። ሉብና ልታገባ ነው ሲባል ግን ዲስክ ካልገጠምኩ አለ። ቀለም ቀባ፣ ወንበር አስለበሰ። አየር ስናወጣ ፔዳሉን የረገጥኩት እኔ ነኝ። ለሷ ፍሬን እኔ ረገጥኩላት! አንጀቴ አረረ፤ በዚያ ሰዓት ዓይኔ ምንም አላየም።»

«እንዲሞት ፈልገሽ ነበር?»

«ወላሂ አልፈለግሁም። ፔዳሉ ሲሰምጥበት ቮልሷ ግቢ ውስጥ ትቆማለች፣ ከእሑዱ ሠርግም ትቀራለች ብዬ ነው። ብዙ ማላላት ፈራሁ፤ ትንሽ ብቻ አላላሁ። በማግስቱ በጠዋቱ ቁልቁለት ላይ ሊሞክራት እንደሚወጣ አልነገረኝም።»

ሶስና አንገቷን ደፋች። ብዙ ብታላላው ኖሮ ጀብሪል ገና ከበሩ ሳይወጣ ይነቃ ነበር። ያቺ ትንሿ ክፍተት ናት ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ዘይቱን እያንጠባጠበች ጀብሪልን ቁልቁለቱ ድረስ ያደረሰችው።

«ዘረሰናይን ፍቱት» አለች መሪማ። «ወደ ቤት ስመላለስ እናቱ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጠው ባየሁ ቁጥር ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ነው የማልፈው። አፈርኩ።»

ደጀን ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ወደ ጣቢያው ደወለ። ዘረሰናይ በዚያው ሰዓት ተለቀቀ። እማማ ማና እጁን ይዘው፣ ማንንም ቀና ብለው ሳያዩ፣ በአውራ ጎዳናው መሃል ወደ ቤታቸው ወሰዱት።

መሪማ ተነሣች። የጀብሪልን ብርድ ልብስ እስከ ደረቱ ሳብ አድርጋ አለበሰችው። እሱ ዓይኑን አልገለጠም። ሲነገር የነበረውን ሁሉ ይስማ አይስማ አያስታውቅም። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች።

«ሳጅን» አለች፤ «ሉብና... ዛሬ በምን ሄደች?»

ደጀን ግራ ገብቶት ሶስናን አያት።

ያን ጊዜ አልጋው ተንቋቋ። ጀብሪል ዓይኑን ገልጦ፣ ከነሕመሙ በክርኑ ተደግፎ፣ መልሱን ለመስማት ከትራሱ ቀና ብሎ ነበር።

«በኡበይደላ ፔጆ» አለ ደጀን።

መሪማ ግን ደጀንን አልሰማችውም። ባሏን እያየች ነበር። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ሁለት እጇን ለካቴናው ዘረጋች።