ኔትወርኩ ዶሮ ቤት ይደርሳል?

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ሰዓዳ ስልክ ይዛ ስትሮጥ ስለዋለችባት ስለዚያች ቀን ልንገራችሁ።

ሰዓዳ ስድስት ዓመቷ ነው። ወንድሟ ኑሬ ገና አራት ዓመቱ ነው፤ ወሬው ግን የትልቅ ሰው ነው!

አንድ ቀን ኑሬ ከአጥር ላይ ዘሎ እግሩን ሰበረ። እማዬ ሆስፒታል ይዛው ሄደች፤ ሰዓዳም ከአክስቷ ከዘምዘም ጋር ቤት ቀረች።

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ትሪሪሪ! ኑሬ ነው፣ በቪዲዮ። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል።

«ሰዓዳ! ጫጩቶቼ ወጡ?»

ጓሮ ባለው ዶሮ ቤት ዛጎሌ የምትባል ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ነበር። ኑሬ በየቀኑ እየሄደ እንቁላሎቹን «ስትወጡ የምጠራችሁ እኔ ነኝ» ይላቸው ነበር።

«አልወጡም። ግን አንዱ እንቁላል ተሰንጥቋል» አለችው።

«ሲወጣ ሳላይ እግሬን ማንም አይነካም!» አለ ኑሬ።

እማዬ ከኋላው ብቅ አለች። «ሰዓዳዬ፣ ዶክተሩ ጀሶ ሊያደርግለት ሁለቴ መጥቶ ተመለሰ። እግሩ እያበጠ ነው። እባክሽ አሳዪው።»

ሰዓዳ ስልኩን ይዛ ሮጠች። ስልኩ ሲም ካርድ የለውም፤ የሚሠራው በቤቱ ዋይፋይ ብቻ ነው።

ሳሎን ውስጥ የኔትወርኩ ምልክት ሦስት መስመር። በረንዳ ላይ ሁለት። ጓሮ ውስጥ አንድ። ዶሮ ቤት ስትደርስ... ድርግም!

የኑሬ ፊት አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ።

«አክስቴ! እንቁላሉን ሳሎን እናምጣው?»

«ኧረ ያ አላህ! ዛጎሌ ከደነገጠች ጥላቸው ትሄዳለች። ጫጩቶቹ በብርድ ያልቃሉ!»

ሰዓዳ በርጩማ ላይ ወጣች። በእግሯ ጣቶች ቆማ ስልኩን ወደ ላይ ዘረጋች። እጇ ዛለ። ስልኩን አየችው... ድርግም!

«እኔ ዘምዘም እያለሁ አታልቅሺ!» አለች አክስቷ። «ቆርቆሮ ኔትወርክን ገፍቶ ይመልሳል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ባዶ የዘይት ቆርቆሮ አመጣች። ቀደደችው። በመዶሻ ዘረጋችው። ኳ! ኳ! ኳ!

ከዚያ ዶሮ ቤቱ ላይ በምስማር ልትመታው ሄደች። ኳ! ኳ!

«ቋ! ቋ! ቋ! ቋቅ!» ዛጎሌ ብድግ አለች። እንቁላሎቹ ራቁታቸውን ቀሩ።

ሰዓዳ ተንበረከከች። «ዛጎሌ... ተቀመጪልኝ... በእናትሽ...»

ዛጎሌ ዘምዘምን በአንድ ዓይኗ ገላመጠቻት። ቀስ ብላ፣ እያጉረመረመች፣ ተመልሳ ተቀመጠች።

ሰዓዳ ስልኩን አየችው... ድርግም!

ዘምዘም መዶሻውን ጣለችው። «አይ የኔ ነገር! ይኸው በባዶ ሜዳ ዶሮዋንም አስቀየምኳት።»

እንቁላሉ ውስጥ ደግሞ «ጭው... ጭው...» የሚል ድምፅ ይሰማል። ስንጥቁ ሰፍቷል። ጊዜ የለም!

ሰዓዳ እንባዋን እየጠረገች ሳሎን ገባች። ቡፌው ፊት ቆመች። የዋይፋይ ሳጥኗ ያለችው እዚያ ውስጥ ነው።

እማዬ አቧራ እንዳይነካት ብላ ዳንቴል አልብሳ፣ ከብርጭቆዎቹ ጀርባ አስቀምጣታለች። «ቡፌዬን ማንም እንዳይነካ!» ብላለች። እማዬ ደግሞ አንዴ ካለች አለች ነው።

ሰዓዳ ስልኩን አየችው። «አክስቴ፣ እዚሁ አጠገቧ ቆሜም ሦስት መስመር ብቻ ነው። ለምን አልሞላም?»

ዘምዘም ጎንበስ ብላ በመስታወቱ አየች። «ወይ ጉድ! ትሪዎቹ! ይሄ ሁሉ ብረት ፊቷ ተገትሮ ኔትወርኩ በየት በኩል ይውጣ?»

ሰዓዳ ወደ እማዬ ደወለች።

«እማዬ... አትቆጪኝም? ቡፌውን እንክፈተው?»

እማዬ ወደ ኑሬ ዞር ብላ አየች። ከኋላዋ ኑሬ ሲያለቅስ ይሰማል።

«ክፈቱት!» አለች። «ብርጭቆዎቼን ግን ቀስ!»

ትሪዎቹ ወጡ። ዳንቴሉ ተነሳ። ሳጥኗ ተነቅላ በጓሮው መስኮት ላይ ተቀመጠች። ዘምዘም ያንን ቆርቆሮ አምጥታ፣ ጎበጥ አድርጋ፣ ከሳጥኗ ጀርባ አቆመችው። ፊቱን ወደ ዶሮ ቤት አዞረችው።

ሳጥኗን መልሰው ሰኩ። መብራቷ አልበራም።

«ተበላሸች እንዴ?» አለች ሰዓዳ።

ጠበቁ። ብልጭ። ጠበቁ። ብልጭ፣ ብልጭ። በራች!

ሰዓዳ ለወንድሟ በቪዲዮ ደውላ ሮጠች። በረንዳ ላይ አራት መስመር። ጓሮ ውስጥ ሦስት። ዶሮ ቤት ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነች። ማየት ፈራች።

«ሰዓዳ! ምን ሆነሽ ነው ዓይንሽን የጨፈንሽው?» አለ ኑሬ።

ያያታል! ሁለት መስመር!

ስልኩን ወደ ዛጎሌ ደረት ሥር ቀስ አድርጋ አስጠጋችው። እንቁላሉ ነቃነቅ አለ። ቅርፊቱ ቀጭ አለ። ከዚያ ጸጥ።

«ጫጩቷ ደከማት» አለች ሰዓዳ በሹክሹክታ። «ኑሬ፣ ጥራት።»

«ነይ! ነይ! እኔ ነኝ! ነይ ውጪ!»

ቀጭ! አንድ ትንሽ ጭንቅላት ብቅ አለ። ከዚያ ክንፍ። ከዚያ ሁለት ቀጫጭን እግሮች።

«ጭው!»

ኑሬ ትክ ብሎ አያት። «ዝናብ የመታት ትመስላለች» አለና ሳቀ። ከትናንት ጀምሮ ስቆ አያውቅም።

ከዚያ ተመልሶ ወደመጣው ዶክተር ዞር አለ። «ዶክተር፣ አሁን እግሬን እዩልኝ። ግን ቀስ ብላችሁ፤ ጫጩቷ እንዳትደነግጥ።»

ጀሶው በእግሩ ላይ ተጠቀለለ፣ ተጠቀለለ፣ ተጠቀለለ። ኑሬ አንዴ ብቻ «እህ» አለ።

እማዬ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ሰዓዳም ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ሰዓዳ» አለ ኑሬ፣ ዓይኑ ክድን ክድን እያለ። «ስልኩን እንዳትዘጊው።»

«አልዘጋም» አለችው።

ጫጩቷ ዛጎሌ ክንፍ ውስጥ ገባች። ኑሬ እንቅልፍ ወሰደው። ሰዓዳ ግን አልዘጋችም።