እስከ አንገቷ የጠለቀች እስፒል

አሮጊቷ ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናዋ ሥር ተዘርራ ተገኘች። አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ግራ እጇ ከሥሯ ታጥፎ ቀርቷል። ያልተጨረሰ የተማሪ ቀሚስ እላይዋ ላይ ወድቋል።

ያገኘቻት ምራቷ ነበረች። ኡኡ አለች። ጎረቤት ደረሰ፣ ታክሲ ተጠራ፣ ሐኪም ቤት ገባች። ነፍሷ አልወጣችም፤ ግራ ጎኗ ግን አልታዘዝ ብሏል።

ሐኪሙ ግፊቷን ለካ። መሣሪያው የተበላሸ መስሎት በሌላ ለካ። ያው ነው።

«ስትሮክ ነው» አለ። «የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ይውጡ ነበር?»

«እሱን እሷን ይጠይቁልኝ!» አለች ታላቋ ልጅ፣ ጣቷን ምራቲቱ ላይ ቀስራ። ከመንገዱ ማዶ ዳቦ ቤት አላት፤ ዱቄት የነካው ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ነው የሮጠችው። «አብራት የምትውለው እሷ ናት!»

ብልቃጡ ከቤት መጣ። ሐኪሙ ከፍቶ አየና ፊቱ ተለወጠ። ወሩ ሊያልቅ ነው፤ ክኒኑ ግን ዛሬ የተገዛ ይመስላል።

ፖሊስ የጠራችው ታላቋ ልጅ ራሷ ናት።

የመጣችውን መርማሪ ባልደረቦቿ «ቃሪያ» ይሏታል። እውነት ለመናገር አላበዙባትም። ደህና ዋላችሁ ሳትል ነው ጥያቄ የምትጀምረው።

ቤቱ ጠባብ ነው። አልጋው ከመጋረጃ ጀርባ፣ ስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር፣ መሬቱ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ። መኪናው ላይ ሁለት ትናንሽ የመርፌ ትራሶች አሉ። ነጩ ላይ እስፒልና መርፌ ተሰክቶበት ጃርት መስሏል። ጥቁሩ ላይ አንዲት አረንጓዴ ራስ ያላት እስፒል ብቻ።

«ክኒኑን የሚሰጣቸው ማነው?» አለች ቃሪያ ምራቲቱን።

«ራሳቸው ናቸው የሚውጡት።»

«ሲውጡ አታዪም?»

«አንድ ቀን ዋጡ ወይ ብላቸው፣ ጃጀሽ ልትዪኝ ነው ብለው ለያዥ ለገራዥ አስቸገሩ። ከዚያ ወዲያ አፌን ዘጋሁ።»

«እንዳትከፍችው!» አለች ታላቋ ልጅ። «ዓይኗን በጨው አጥባ ቁጭ ብላለች እኮ! እማዬ ስትሞት መኪናው የማን ነው? ደንበኛው የማን ነው? ጠይቋት እስቲ!»

«የማን ነው?» አለች ቃሪያ።

«ለእኔ ነው ያሉት» አለች ምራቲቱ። «እጄን ይዘው ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።»

አሮጊቷና ምራቷ በዚያው ሳምንት በአንድ ጃኬት ኮሌታ ተጨቃጭቀው ነበር፤ ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ጎረቤቶች ይህን ለመናገር ተሽቀዳደሙ። ሰው ሲወድቅ አፍ መች ይጠፋል!

የአሮጊቷ ወንድ ልጅ፣ የምራቲቱ ባል፣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ማታ ይገባል።

«እናቴ ስልክ ላይ አላርም ሞልቼላታለሁ» አለ። «ከቁርስ በኋላ ይጮኻል።» ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «እናቴ አንድ ነገር ብትሆን፣ አንቺን አያድርገኝ!»

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ከቤቱ ሁሉ የቀራት እሱ ነበር፤ እሱም ከዳት። እንባዋ ወረደ።

«አላርሙ ይጮኻል?» አለች ቃሪያ፣ ለእንባው ደንታ ሳይሰጣት።

«ይጮኻል። እማማ ያጠፉታል። ከዚያ ወደ ስፌት መኪናው ያያሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ» አለች ሚስቱ።

«ምኑን ነው የሚያዩት?»

«እኔ እንጃ።»

«እንግዲህ ፖሊስ ጣቢያ ታስቢበታለሽ። ከሰዓት መጥቼ እወስድሻለሁ።»

ቃሪያ ወደ ሐኪም ቤት ሄደች። አሮጊቷ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ምላሷ ይተሳሰራል፤ ቁጣዋ ግን አልተሳሰረም።

«እማማ፣ ክኒኑን ረስተው ነው?»

«አልረሳሁም!»

«ብልቃጡ እኮ ሙሉ ነው።»

 አሮጊቷ ቀስ እያለች፣ ቃሉ እየተሰበረባት፣ ተናገረች። አረንጓዴዋ እስፒል የክኒን ምልክቷ ናት። ማታ ነጩ ትራስ ላይ ታሳድራታለች። ጠዋት ክኒኗን ስትውጥ ወደ ጥቁሩ ታዛውራታለች። በዚህ ወር ግን ቁርሷን በልታ፣ አላርሙ ጮኾ ዞር ስትል፣ አረንጓዴዋ ጥቁሩ ላይ ትጠብቃታለች።

«ታዲያ አልዋጥኩም አይሉም?»

«አልኩ እንጂ! አልዋጥኩም እላለሁ፣ እስፒሏ ውጠሻል ትለኛለች። ልጆቼ ሁሉ ትረሻለሽ፣ ትረሻለሽ ይሉኛል። ደግሜ ብውጥ ይገድለኛል ብዬ ፈራሁ። ራሴን ከማምን እስፒሏን አመንኩ።»

ቃሪያ ወንበሯን ወደ አልጋው ሳበች። «ይህን የእስፒል ነገር ማን ያውቃል?»

አሮጊቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ማንም።»

ውሸቷን ነበር። ቃሪያ ውሸት ስትሰማ ጆሮዋ ይበላታል። ግን የታመመ ሰው አንቆ ማናዘዝ አይቻልም፣ ለእሷም ቢሆን።

ከሰዓት ቤቱ ተመለሰች። ማንንም ሳታናግር ትራሶቹ ላይ አጎነበሰች። ነጩ ላይ ያሉት ሁሉ ግማሽ ድረስ ነው የተሰኩት፣ ጣት በቀላሉ እንዲይዛቸው። ልብስ ሰፊ እንዲያ ነው የሚሰካው፤ ሥራ ላይ እስፒል በጥፍር የሚፈለቅቅ የለም። አረንጓዴዋ ግን ጥቁሩ ውስጥ እስከ አንገቷ ጠልቃለች። ቃሪያ በጥፍሯ ታግላ አወጣቻት።

ሦስቱንም ጠራቻቸው።

«ይቺን ቦታዋ መልስ» አለችው ሹፌሩን።

«የቷ ቦታዋ?» አለ፣ እስፒሏን እንደ ጊንጥ ይዞ።

ተቀብላ ለምራቲቱ ሰጠቻት። ምራቲቱ አላሰበችበትም፤ ነጩ ላይ ግማሽ ድረስ ሰክታ እጇን ሰበሰበች። ታላቋ ልጅ ይህን አላየችም፤ በር ላይ ቆማ ለተሰበሰበው ጎረቤት የምራቲቱን ጉድ ትዘረዝራለች።

ቃሪያ እስፒሏን ነቅላ ወደ እሷ ተጠጋች።

«እኔ አንድ ነገር አልገባኝም» አለች። «የሆድ ልጅ እያለች፣ መኪናው እንዴት ለባዳ ይሰጣል?»

ሴትዮዋ እሳት ጎረሰች።

«በይ እስቲ ንገሪያቸው!» አለች፣ እየተንጎራደደች ወደ መኪናው መጣች። «ልጅ ሆኜ ከሥሯ ቁጭ ብዬ አስተምሪኝ እያልኩ ስለምናት፣ እጅሽ ለሊጥ እንጂ ለመርፌ አይሆንም አለችኝ! ሰው ፊት! ይቺ ትናንት መጥታ...»

«ያዢልኝማ፣ መልሻት» አለች ቃሪያ፣ እስፒሏን መዳፏ ላይ እያስቀመጠች።

«...ትናንት መጥታ ከነደንበኛው ወረሰችው! እኔ በየቀኑ ትኩስ ዳቦ የማመላልሰው...» እያለች፣ ዓይኗን ከምራቲቱ ሳትነቅል፣ እጇን ዘረጋች። ነጩ ትራስ አጠገቧ ነበር። አልፋው ሄደች። ጥቁሩ ላይ ሰካችና፣ በአውራ ጣቷ እንደ ሊጥ ጫን አደረገቻት።

አረንጓዴዋ እስከ አንገቷ ጠለቀች።

 ታላቋ ልጅ ሰዎቹ ወዴት እንደሚያዩ አየች። ከዚያ የገዛ እጇን አየች።

«ለምን ጥቁሩ ላይ?» አለች ቃሪያ።

«ዝም... ዝም ብዬ ነዋ።»

«ጠዋት ዳቦ ይዘሽ ስትመጪ እናትሽ የት ናቸው?»

«ፊቷን ትታጠባለች።»

«ምራቲቱስ?»

«ጓሮ፣ ሻይ ትጥዳለች።»

«አንቺስ? እዚህ፣ ብቻሽን?»



«እቴቴ» አለ ሹፌሩ። «አላደረግሽውም በያ!»

እህቱ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ትሞታለች ብዬ አይደለም» አለች። «ትንሽ ራሷን ቢያማት ብዬ ነው። ምራትሽ አልጠበቀችሽም ተብሎ ይቺ እንድትባረር ነው እንጂ፣ እናቴን ልገድል? ትንሽ ራሷን ቢያማት ብዬ...»

«አላማትም» አለች ቃሪያ። «ግማሽ ጎኗን ወሰድሽባት። ተነሽ።»

ሹፌሩ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ሊናገር አፉን ከፈተ። ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታው የወደቀውን ቀሚስ ማጣጠፍ ጀመረች። አልማረችውም፤ ደግ አደረገች።

በማግስቱ ቃሪያ ሐኪም ቤት ገባች። ምራቲቱ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች።

«ተገኘች?» አለች አሮጊቷ፣ ስም ሳትጠራ።

«ተገኘች። እስፒሏን እስከ አንገቷ ስትሰካ ነው የያዝኳት።»

«አልረሳሁም፣ አይደል?»

«አልረሱም እማማ።»

አሮጊቷ ዓይኗን ጨፈነች። «እንዴት ታስታውሺዋለሽ ብላ ስትጠይቀኝ፣ ለእሷ ብቻ ነበር የነገርኳት። ትናንት ልነግርሽ አፌ ላይ ደርሶ ሆዴ እንቢ አለኝ።» ወደ ምራቷ ዞር አለች። «አንቺን ሊወስዱሽ እንደነበር ሰምቻለሁ። ያ ለእኔ ውርደት ነው።»

«ሹፌሩ ልጅዎ፣ እናቴ እህቴን ይቅር ካለቻት ብሎ...» ጀመረች ቃሪያ።

«ልጄ ናት። ስንቅ እልክላታለሁ» አለች አሮጊቷ። «እናንተ ግን እሰሯት።»

ክኒን መዋጫ ሰዓት ደረሰ። ምራቲቱ ክኒኑንና ውሃውን አቀበለቻት። ሁለቱን ትራሶች ከቤት ይዛ መጥታ ነበር፤ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። አሮጊቷ ዕድሜ ልኳን የሰፋችው በግራ እጇ ነው። አሁን ግራው ብርድ ልብሱ ላይ ተጋድሟል። በቀኟ አረንጓዴዋን ነቀለች። እስፒሏ ከእጇ ወደቀች። ምራቲቱ ልታነሳላት ጎንበስ ስትል «አትንኪያት!» ብላ ጮኸችባት። ራሷ ፈልጋ አነሳቻት። ጥቁሩ ላይ አስጠግታ፣ እንዳትወድቅ በአውራ ጣቷ ገፋቻት።

እስፒሏ እስከ አንገቷ ገባች።

አሮጊቷ እስፒሏን ትኩር ብላ አየቻት።

«አየሽ» አለች ለምራቷ፣ «እኔም እንደ ልጄ ሰካሁ።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።