የግራ ክንፉ ቢጫ

የቤልጂግ ተዋጊ አውሮፕላኖችን ቀለም የሚቀባው ጋሽ ሲሪል፣ አውሮፕላኖቹ በሚቆሙበት ድንኳን ውስጥ በአንዷ ግራ ክንፍ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው መዶሻ የመካኒኩ የአሂል ነበር። አሂልን አሰሩት። የጀርመን ጦር አፍንጫቸው ሥር በቆመበት ጊዜ የነፍሰ ገዳይ ፍርዱ ጥይት ነው።

አሂልን ከጥይቱ ይልቅ ያንገበገበው የአብራሪው የመቶ አለቃ ጋስቶን ቃል ነው። አሂል ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ቀበቶውን ያሰረለት፣ እስኪመለስም ሰማይ ሰማይ የሚያይለት ሰው፣ «አስር ሰዓት ላይ ሽማግሌው በአውሮፕላኔ ግራ ክንፍ ላይ ክቡን፣ የአገራችንን ባለ ሦስት ቀለም ምልክት፣ ሲጨርስ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ አብሮት የቀረው አሂል ነው» ብሎ መሰከረ። ጋስቶን ራሱ ከአስር በኋላ ከአለቆቹ ጋር ነበር። አሂል ደግሞ ቤንዚን ሊጭን ሄዶ እስከ አስር ከተማ ነበር። ያጎረሰ እጅ ተነከሰ ማለት ይህ ነው።

መርማሪው ሻምበል ኦዲሎን እስረኛውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው።

«ሽማግሌው ክብ ሲቀባ በምን ይጀምራል?»

«በቢጫ ነዋ፣ ጌታዬ። ሁሉንም ቢጫ ያደርገውና ሲደርቅ መሃሉን ጥቁር፣ ዳሩን ቀይ። ‹ጥቁር ከቀደመ ቢጫዬን ያበላሻል› እያለ ነጋ ጠባ ይጨቀጭቀን ነበር።»

በማግስቱ ሻምበሉ ሁሉንም ክንፉ ሥር ሰበሰበና ቀለሙን በሴንጢ ፋቀ። በቀኙ ክንፍ ከጥቁሩ ሥር ቢጫ ወጣ። በግራው ግን ክንፉ የተለበጠበት ባዶ ሸራ ወጣ፤ ቢጫውም እርጥብ ጥቁር ነክቶት አረንጓዴ ሆኗል።

«ይህ የጋሽ ሲሪል እጅ አይደለም» አለ። «ሽማግሌው አስር ሰዓት ሳይሞላ፣ አሂል ገና ከተማ ሳለ፣ ሞቷል። ክቡ የተጨረሰው በሕይወት የነበረ ለማስመሰል ነው። ሲጨርስ አየሁት ያለን ደግሞ አንድ ሰው ነው።»

ከሟቹ የብሩሽ ሳጥን፣ ከዚሁ ክንፍ ተቆርጦ የወጣ አሮጌ ሸራ አወጣ። በላዩ ያሉት የጥይት ቀዳዳዎች ዳር በባሩድ ተለብልቧል።

«ጠላት ክንድ ያህል ቀርቦ አይተኩስም፣ መቶ አለቃ። ባለፈው በረራ ብቻህን የተመለስኸው ጓደኛህን ውጊያ ላይ ጥለህ ሸሽተህ ነው፤ የተዋጋህ እንዲመስል ክንፍህን በገዛ ሽጉጥህ በሳህ። ሽማግሌው ሸራውን ሲቀይር ደረሰብህና ገደልኸው።»

ጋስቶን አልካደም። ሲያስሩት ወደ አሂል ዞሮ፣ «መዶሻው ያንተ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው» አለው።

አሂል ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለው። «በየማለዳው ነፍስህን አደራ ሰጥተኸኝ አንድ ቀን አላጎደልኩብህም። አንተ የእኔን አንድ ቀን መያዝ አቃተህ።»

ከዚያ የጋሽ ሲሪልን ብሩሽ አነሳና የግራውን ክብ ፍቆ፣ ከቢጫው ጀመረ።