ለጠሪ የተሰጠ መልስ

ለጥቅምት አቦ ወደ ጠበሉ ሲወረድ፣ የጋይንቷ ቤተ ልሔም ሰው በጫካው ውስጥ ባለው መንገድ ደስ ይለዋል። ወይራውና ጽዱ ጥላ ይሰጣሉ፤ ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነም በየገደሉ ውሃ ይፏፏል። ወሬው የሚቆመው ጠሪ የሚባለው ትልቁ ፏፏቴ ጋ ሲደረስ ነው። እዚያ ሕፃን ይታዘላል፣ ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል።

ድሮ አንዲት ሙሽራ ከዚያ ስታልፍ ስሟ ሲጠራ ሰምታ «አቤት» አለች፤ ከዚያ ወዲህ ያያት የለም ይላሉ። ውሃው የሚወዱትን ሰው ድምፅ ተውሶ ይጣራል። ስለዚህ ጠሪ ሥር ስሙን የሰማ ሰው፣ ሦስተኛ እስኪጠራ ድረስ አፉን ይይዛል። ጋኔን ሦስቴ አይጠራማ! ይህን የጋይንት ልጅ ከጡት ጋር ይጠባዋል።

የእስቴው ልጅ አስማረ ግን አያውቀውም። የሻረግ ይህ ትዝ ያላት ዘግይቶ፣ ዘንድሮ ከሰዉ ጋር ስትወርድ የፏፏቴው ርጭት ፊቷን ሲነካት ነበር።

አስማረ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ቆርቆሮ ሊያለብስ ከእስቴ የመጣ አናጢ ነው። እሷ ውሃ ልትቀዳ ባለፈች ቁጥር መዶሻው ዝም ይላል። መንደሩ ጣሪያው ዘገየ እያለ ሲያጉረመርም ከረመ፤ ምክንያቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ሽማግሌ ላከ። አባቷ ግን ለስማዳው ፈንታ ቃል ሰጥተው ነበርና ከአፍ ከወጣ አፋፍ ብለው መለሷቸው። ፈንታ ደግሞ ለነገር የማይተኛ፣ ጠመንጃው ከትከሻው የማይወርድ ሰው ነው። የሻረግ ብትኮበልል የወንድሟን የባዩን ደም ነበር የሚፈልገው።

ባለፈው ሳምንት ጽዱ ሥር ተገናኝተው ነበር።

«ጣሪያው አልቋል» አላት አስማረ። «በአቦ ዕለት ከፏፏቴው ማዶ ሆኜ እጠራሻለሁ። ከመለስሽልኝ እስቴ አጎቴ ቤት እንገባለን። ዝም ካልሽ ይገባኛል፤ ሁለተኛ ጋይንትን አልረግጥም።»

«ብፈራስ?»

«ፍሪ። ግን መልሺልኝ።»

አሁን አክስቷ ብርቄ እጇን ጨብጠው ይዘዋታል።

«የሻረግ!»

ከውሃው ውስጥ የመጣ መሰለ። ምእመኑ ባለበት ደርቆ ቀረ፣ ቄሱ አማተቡ፣ አክስቷ በመዳፋቸው አፏን ከደኑት። ድምፁ የእሱ ነበር። የሚያስፈራትም ይኸው ነው፤ ውሃው ከእሱ ሌላ የማንን ድምፅ ይዋስባታል? ማዶውን አየች። ጉም ብቻ ነው።

«የሻረግ!»

ይኸኛው ዝቅ ያለ፣ መጨረሻው ላይ የተሰበረ ነበር። ሦስተኛውን ጠበቀች። አልመጣም። አስማረ ኩሩ ነው፤ ሁለቴ ተጣርቶ ዝም ከተባለ አይለምንም። ወይም ደግሞ ቀድሞውንም እሱ አልነበረም። ባዩን አሰበች፣ የፈንታን ጠመንጃ አሰበች፣ ይሄኔ ዳገቱን የጀመረውን ሰው አሰበች። እወደዋለሁ አለች በልቧ፤ ውሃም ቢሆን ልሂድ።

የአክስቷን እጅ መነጨቀች።

«አቤት! መጣሁ!»

ርጭቱ ውስጥ ገባች። ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ዓይኗ ምንም አያይም፤ ውሃው ነጠላዋን ከትከሻዋ ነጠቃት። እግሯ ሲከዳት አንድ እጅ ክንዷን አፈፍ አደረጋት። ሙቅ ነበር፤ ሻካራ ነበር፤ የሰው እጅ ነበር።

«ዝም ስትይኝ መንገድ ጀምሬ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ተመለስኩ» አላት አስማረ ክንዷን ሳይለቅ።

ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ማዶ የቀረው ሕዝብ ያየው ሌላ ነው። ልጅቱ አቤት አለች፣ ጉሙ ዋጣት፣ ነጠላዋ ከታች ተንሳፈፈ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እሷን ግን በስሟ ጠርቶ ወሰዳት አሉ። አባቷ ለቅሶ ተቀመጡ። ፈንታም ጠመንጃውን ሰቅሎ መጥቶ አብሮ አለቀሰ። ከውሃ ጋር ደም የሚቃባ የለም።

የሻረግ ይህን እስቴ መካነ ኢየሱስ ሆና ስትሰማ ደስታና ሐዘን ተደባለቁባት። ባዩ ይኖራል፤ እሷ ግን ለእናቷ ሞታለች። አስማረ ዕርቅ ይውረድ፣ ሽማግሌ ልላክ ቢላት ወንድሜን ልታስገድለው ነው ወይ ብላ ከለከለችው። አለሁ ብትል ያ ጠመንጃ ከተሰቀለበት ይወርዳል።

ወራት አለፉ። አንድ የገበያ ቀን ሀሊማ የምትባል የንፋስ መውጫ ጨው ነጋዴ አጠገቧ ቁጭ አለች። ግራ ቀኟን አይታ፣ ከእናቷ ከአማረች ዘንድ እንደመጣች በሹክሹክታ ነገረቻት። እናቷ በለቅሶው ጥቁር ለብሰው እንደ ሰው ሁሉ አልቅሰዋል፤ ፊታቸውን ግን አልነጩም። አናጢው በዚያው ዕለት ካገር መጥፋቱን ልብ ያሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«ምን አሉኝ መሰለሽ» አለች ሀሊማ፣ «‹ውሃ የወሰዳት ልጄ ደኅና ትበላለች ወይ? ባሏስ ይወዳታል? ብለሽ ጠይቂልኝ›።»

የሻረግ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ገበያ መሃል አለቀሰች። ሀሊማ ምን ብዬ ልንገራቸው ብትላት፣ ለሁለቱም ጥያቄ አዎ እያለች ራሷን ነቀነቀች።